መጀመሪያ የሚገባው ልጅ ማን ይሁን?

ለጤና ሚኒስቴር፣
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች፣
የሕፃናት ክፍል ላላቸው ሆስፒታሎች ሜዲካል ዳይሬክተሮችና ሜትሮኖች (የነርሶች ኃላፊዎች) በሙሉ

ጉዳዩ፦ ሕፃናትን ለመርፌ፣ ለቁስል እጥበትና ለኦፕራሲዮን የምናዘጋጅበት መንገድ እንዲለወጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አልጋ ጠበበ፣ መድኃኒት አለቀ ለማለት አይደለም። እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። የምጽፈው ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ሊስተካከል ስለሚችል፣ እኔም በየቀኑ እያየሁት ለዓመታት ሳላስተውለው ስለኖርኩት ነገር ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቁስል የሚታጠብበትና ፋሻ የሚቀየርበት ድሬሲንግ ክፍል ይከፈታል። ኮሪደሩ ላይ አራት አምስት ልጆች ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ተራ ይጠብቃሉ። አብዛኞቹ የተቃጠሉ ናቸው፤ የፈላ ውሃ፣ ወጥ፣ ከሰል። ለብዙ ዓመት ተራ የምንይዘው በካርድ ነበር፤ ካርዱ ከላይ የተቀመጠ ልጅ ቀድሞ ይገባል። በሩ ይዘጋል፣ ጩኸቱ ይሰማል። ውጭ የቀሩት ልጆች ውስጥ የሚሆነውን አያዩም። የሚያዩት የእናቶቻቸውን ፊት ነው። እናት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች፣ ልጇን ወደ ደረቷ ትስባለች፤ ይህን ሁሉ እያደረገች «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ትለዋለች። ቃሏ ሌላ፣ ፊቷ ሌላ። ልጅ ደግሞ የሚያምነው ፊቷን ነው። ሦስተኛው ልጅ ገና ሳንነካው ያለቅሳል። አምስተኛውን ሁለት ሰው ይዞ ያስገባዋል።

እኛም «ልጅ ነው፣ ማልቀሱ አይቀርም» ብለን እናልፈው ነበር። አሁን የገባኝ፣ እነዚያ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ሲቀመጡ እየተማሩ እንደነበር ነው። ሰው ራሱ ምንም ሳይደርስበት፣ ሌላው ላይ የደረሰውን በማየትና በመስማት ብቻ መፍራትን ይማራል። የልመናዬም መነሻ ይኸው ነው፤ በማየት የመጣ ፍርሃት በማየት ሊቀንስ ይችላል፣ ሳይመጣም ሊከላከሉት ይቻላል።

ነገሩ ከተጻፈ 100 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ብላ ስለጠራችው ሕፃን አንድ ጽሑፍ አሳተመች። ሥራዋን ስትጀምር ዕድሜው 2 ዓመት ከ10 ወር ነበር። ጥንቸል ይፈራል፤ ነጭ አይጥም፣ ጸጉራም ካፖርትም፣ ጥጥም ሳይቀር ይፈራል። ጆንስ ጥንቸል ከማይፈሩ ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል እያስገባች እንዲጫወት አደረገች፤ ጥንቸሉንም እዚያው ታስገባዋለች። ፒተር ልጆቹን እያየ ቀን በቀን ተጠጋ። በመሃል ስካርሌት በሚባለው ትኩሳት ታመመና ሁለት ወር ገደማ ሆስፒታል ተኛ። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት፣ ከነርሷ ጋር ታክሲ ሊገቡ ሲሉ አንድ ትልቅ ውሻ ዘለለባቸው። ፒተርም ነርሷም ክፉኛ ደነገጡ። ወደ ጆንስ ሲመለስ የለቀቀው ፍርሃት ሁሉ ተመልሶ ነበር። እንደገና ጀመረች፤ በሁለተኛው ዙር የሚወደውን ምግብ እያበላች ጥንቸሉን በጥቂት በጥቂቱ ታቀርብለት ነበር። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉ ጣቶቹን በጥርሱ ነካ ነካ ሲያደርጋቸው ዝም ብሎ እስኪተወው ድረስ ደፈረ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ከፒተር ይልቅ የምትታየኝ ነርሷ ናት። ምንም አላጠፋችም፤ ውሻ ዘሎባት ደነገጠች። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት አጠገቡ ያለችው ትልቅ ሰው እሷ ነበረች፣ ልጁም ድንጋጤዋን አብሮ አየ። እኛ ነርሶች መርፌያችንን እናመክናለን፣ እጃችንን እንታጠባለን፤ ፊታችንን ግን የሕክምናው አካል አድርገን አንቆጥረውም።

ሌላም ማስረጃ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሱዛን ሚኔካና ማይክል ኩክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሬሰስ በሚባሉ ጦጣዎች ላይ ሠሩ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደጉት ጦጣዎች እባብ አይፈሩም፤ ዱር ያደጉት ይፈራሉ። የቤተ ሙከራዎቹ የዱሮቹን ድንጋጤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተመልክተው እባብ መፍራት ጀመሩ፤ ፍርሃቱም ከወራት በኋላ እንኳ አልለቀቃቸውም። ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ሌሎች ጦጣዎችን አስቀድመው እባብ አጠገብ በእርጋታ የሚቀመጥ ጦጣ አሳዩአቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚደነግጠውን። አብዛኞቹ አልፈሩም። ቀድሞ የታየው እርጋታ እንደ ክትባት ሆናቸው። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ማን ቀድሞ ይታያል የሚለው ጥያቄ የካርድ ጉዳይ አይደለም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪውን አልበርት ባንዱራን በጤና ሙያ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች እነሱም መደብደባቸውን እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳየው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራው ለሕክምና የሚጠቅመው ሥራ እኛ ዘንድ ብዙም አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ1967 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ውሻ የሚፈሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ልጆችን ሰበሰበ። የ4 ዓመት ልጅ ከውሻ ጋር ሲጫወት፣ በየጊዜውም ትንሽ ትንሽ ሲቀርበው፣ በ4 ቀን ውስጥ 8 ጊዜ እንዲያዩ አደረገ። በመጨረሻ ካዩት ልጆች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ከውሻው ጋር ለብቻቸው መቆየት ቻሉ። ማንም አልሰበካቸውም፣ ማንም አልያዛቸውም።

አሁን እኛው ክፍል ወደሆነው ልመለስ።

አንድ የ5 ዓመት ልጅ የሽሮ ድስት ተገልብጦበት እግሩ ተቃጥሎ ገባ። የምታስታምመው ከገጠር የመጣች አያቱ ነበረች። የመጀመሪያውን ፋሻ ስንቀይር ለሦስት ያዝነው። በማግሥቱ ነጭ ጋዋን ባየ ቁጥር አያቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል፤ ምሳ የምታመጣውን ሴት እንኳ ፈራት። አያቱ እጄን ይዛ «ልጄ፣ አንቺም እናት ትሆኛለሽ፣ ሌላ መላ ካለሽ ፈልጊለት» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን አምስተኛ ሳምንቷን የያዘች የ8 ዓመት ልጅ ነበረችን። ከእሷ ጋር ውል ነበረን፤ «ቆይ» ስትለኝ እጄን አነሣለሁ፣ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ «ቀጥይ» ስትለኝ እቀጥላለሁ። ይህን ዘዴ ያመጣችው ራሷ ናት፣ እኔ አላስተማርኳትም። እናቷን አስፈቀድኩ፤ ከዚያ ልጅቷን ጠየቅኋት። ቁስሏ በኩል ሳይሆን ራስጌዋ በኩል ይቀመጥ አለች። እንዳለችው አደረግን። ማስታገሻዋን አስቀድማ ወስዳለች። ልጁ አያቱ ጭን ላይ ሆኖ የልጅቷን ፊትና የእኔን እጅ ማየት በሚችልበት ቦታ ተቀመጠ።

ጀግና ሆና አልዋለችም። መጨረሻው ፋሻ ሲላቀቅ እንባዋ መጣ። «ያማል፣ ቆይ ሲስተር» አለች። እጄን አነሣሁ። ተነፈሰች፣ ቆጠረች፣ ስድስት ላይ ደርሳ ወደ ልጁ ዞራ አየችው፣ አሥር ስትሞላ «ቀጥይ» አለች። ሲያልቅ ጫማዋን አድርጋ ብስኩቷን ይዛ ወጣች።

ቀጥሎ የእሱ ተራ ነበር። አለቀሰ። ግን ማንም አልያዘውም። ቁስሉን የሸፈነውን የጋዝ ጨርቅ ውሃ እያራስኩ ሳነሣ፣ ድንገት በልጅቷ ድምፅ፣ በልጅቷ ቅላጼ «ቆይ ሲስተር» አለኝ፤ ብሎም ዓይኑን እጄ ላይ ተከለ። በእርግጥ ይቆም እንደሆነ ሊያይ ነው። እጄን አነሣሁ። አያቱ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አንድ ነገር አነበነበች። እስከ አሥር መቁጠር ስለማይችል አራት ላይ እየደረሰ እንደገና ከአንድ ይጀምር ነበር፤ ጠበቅነው።

ልጁ የተማረው «አያምም» የሚል ነገር አይደለም። እንደሚያም አየ። «ቆይ» የሚባል ቃል እንዳለ፣ ቃሉ ሲወጣ ነርሷ እንደምታቆም፣ ከዚያም ነገሩ አልቆ ወደ አልጋ እንደሚኬድ ነው ያየው። በማየት መማር ይሠራ ዘንድ ልጁ ማየት መቻል አለበት፤ ፊቱ ተሸፍኖ የተያዘ ልጅ ምንም አያይም። ያየውን የሚያስታውስበት አጭር ቃል ወይም ቁጥር ይፈልጋል። ራሱ ሊያደርገው የሚችል ነገር መሆን አለበት። ያደረገው ልጅ በመጨረሻ ምን እንዳገኘም ማየት አለበት። አንዱ ከጎደለ አይሠራም።

ስህተቴንም ልናገር። ከዚያ በኋላ ተደፋፍሬ ለሌላ ልጅ ስሞክር፣ አልቀመጥ ሲለኝ «እሷን አየሃት? አንተ ወንድ ሆነህ?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ከዚያ ወዲያ አንድም ልጅ ማየት አልፈለገም። ሌላን ልጅ ማሳየትና በሌላ ልጅ ማሳፈር ለትልቅ ሰው ተቀራራቢ ይመስለዋል። ለልጁ አይደለም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ቃል ከድሬሲንግ ክፍሎቻችን ብናስወጣው ደስ ይለኛል።

ምንም የማይፈራ ልጅ ማሳየትም የታሰበውን ያህል አይጠቅምም። ዶናልድ ሜይከንባውም እ.ኤ.አ. በ1971 እባብ በሚፈሩ ሰዎች ላይ ሁለቱን አወዳድሮ ነበር፤ ከመጀመሪያው ያለ ፍርሃት የሚይዘውን ሰው ካዩት ይልቅ፣ እየፈራ ጀምሮ ፍርሃቱን ሲያሸንፍ ያዩት የበለጠ ተጠቀሙ። የፈራ ልጅ ከማይፈራ ልጅ ጋር ራሱን አያመሳስልም። «እሱ ሌላ ነው» ይላል፤ ልክም ነው።

ኦፕራሲዮን ለሚጠብቁ ልጆች ደግሞ በአካል ማሳየት ስለማይቻል ፊልም አለ። ባርባራ ሜላሜድና ሎረንስ ሲግል እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ከ4 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው፣ ለቶንሲል፣ ለሄርኒያ (ለቡአ) እና ለመሰል ኦፕራሲዮን የገቡ 60 ልጆች ነበሩ። ግማሾቹ የ16 ደቂቃ ፊልም አዩ፤ የ7 ዓመት ልጅ ለሄርኒያ ሆስፒታል ከገባበት እስከ ቤቱ የሚሄድበት ድረስ፣ የፈራውንና ፍርሃቱን ያለፈበትን በራሱ አንደበት እየተናገረ። ግማሾቹ ከሆስፒታል ጋር ግንኙነት የሌለው ፊልም አዩ። የልጁን ፊልም ያዩት ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ምሽትም፣ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ለምርመራ ሲመለሱም ጭንቀታቸው ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ጊዜውንም አሳይተዋል፤ ከ7 ዓመት በላይ የሆኑት ቀደም ብለው ቢያዩት ይሻላቸዋል፣ ትንንሾቹ ግን ወደ ሰዓቱ ሲቀርብ ነው። ቀድሞ ኦፕራሲዮን የሆነ ትንሽ ልጅ ደግሞ ፊልሙ የራሱን መጥፎ ትዝታ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ከእሱ ጋር በሌላ መንገድ መነጋገር ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ፊልም ከውጭ አውርዶ ማሳየት ግን ለእኛ ልጆች አይሆንም። ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ እነሱን መምሰል አለበት፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ሆስፒታሉ በሚያስተናግደው ቋንቋ የሚያወራ፣ አያቱ ፌስታል ይዛ ከኋላው የምትሄድ፣ አልጋው እንደ እኛ አልጋ የሆነ። በስልክ ይቀረጻል። ወላጅ ፈቅዶ፣ ልጁም እሺ ብሎ፣ ቁስል ሳይታይ። 10 ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ይህ ሁሉ የማስታገሻ ምትክ አይደለም። ማስታገሻ ሳይሰጡ ልጅን ለሌላ ልጅ ማሳየት ጭካኔ ነው፤ የሚማረውም ጭካኔን ነው። ማስታገሻው ቀድሞ ይሰጣል፣ እስኪሠራ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው ሌላው። ማደንዘዣ ወይም ማስታገሻ የሚያልቅበት ቀን ካለም የተራው ልጅ ለማንም አይታይ።

ጤና ሚኒስቴር ይህን መንገድ እንደ አዲስ ነገር እንዳያየው እለምናለሁ፤ በሌላ ቦታ ሲሠራበት ኖሯልና። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 96 ሰዓት ሠልጥኖ መጸዳጃ ቤቱን የቆፈረ፣ ልጆቹን ያስከተበ ቤተሰብ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል። የሚመረቀው ጎረቤት አይቶ እንዲከተለው ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማም ከባንዱራ ሐሳብ በተነሣ ዘዴ የተዘጋጀ ነበር። ለመንደር የሠራው ለአንድ ኮሪደር ይሠራል። ልዩነቱ፣ መንደሩ ላይ ሞዴሉን መርጠናል፤ ኮሪደሩ ላይ የሚመርጠው ካርዱ ነው።

በትምህርት ቤት የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር ክትባትም ላይ ያው ነው። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር ጀምሮ በሰልፍ ነው የሚሰጠው። ከሰልፉ ፊት የምትቆመው ልጅ ብትጮህ ወይም ብትወድቅ ኋላ ያሉት ሃያ ልጆች ምን እንደሚሆኑ የክትባት ባለሙያዎች ያውቁታል። ፊት የምትቆመው ፈቃደኛ ሆና የመጣች ትሁን፤ በጣም የፈራችዋ ደግሞ ከሰልፉ ወጥታ ለብቻዋ ትከተብ። ይህ ምን ወጪ አለው?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ሕፃናት በሚታከሙበት በየትኛውም ክፍል ተራ በካርድ ብቻ መያዙ ይቅርና ነርሷ እንድትወስን ይፈቀድላት፤ አሁን እኛ ክፍል ይህን የማደርገው በሜትሮናችን በጎ ፈቃድ ነው፣ እሷ ብትቀየር ያበቃል። የሚጠባበቁ ልጆች ከጩኸቱ ራቅ ብለው የሚቀመጡበት ቦታ ይፈለግ። የሕፃናት ነርሶች ሥልጠና ውስጥ ይህ ጉዳይ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ይግባ፤ እኔ ከምረቃ በኋላ ለብቻዬ አንብቤ ነው የደረስኩበት፣ ያለፉኝን ልጆች ሳስብ ይቆጨኛል። ሚኒስቴሩ አንድ አጭር ፊልም በጥቂት ቋንቋዎች አሠርቶ ለሆስፒታሎች ቢበትን፣ በየሆስፒታሉ ያለን እኛ የራሳችንን መቅረጽ እስክንለምድ ድረስ ያገለግላል። አስታማሚዎችም ከመግባታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ይነገራቸው፤ ምን እንደምናደርግ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ ልጁ ሲያያቸው ምን እንደሚያይ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ኮሪደር ላይ ሳልፍ እኔን በጣት እያሳያችሁ «ዝም ካላልክ ሲስተር መርፌ ትወጋሃለች» ስትሉ እሰማለሁ። ልጃችሁ ያንን አይረሳውም። በሚቀጥለው ሳምንት ሕይወቱን ሊያተርፍ የሚችለውን መርፌ ይዤ ስመጣ፣ ቅጣቱ መጣ ብሎ ነው የሚያየኝ። እባካችሁ ተዉት። እናንተ ራሳችሁ ደም ስትሰጡ ወይም የስኳር መርፌ ስትወጉ አጠገባችሁ እንዲቀመጥ ብታደርጉት ከማናቸውም ምክር ይበልጣል። ቤት ውስጥ እቃቃ ሲጫወት አሻንጉሊቱን መርፌ ቢወጋም አትከልክሉት፤ እየተለማመደ ነው።

በክፍላችን የምንሠራበትን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፈነዋል። የሚፈልግ ሆስፒታል ካለ ይዤ ልመጣና ከነርሶቹ ጋር ለአንድ ጠዋት አብሬ ልሠራ ዝግጁ ነኝ።

ለነገ 5 ልጆች ተመዝግበዋል። ሁለቱ አዲስ ናቸው፤ አንዱ ገና 4 ዓመቱ ነው። የሽሮው ልጅ ነገ ስምንተኛ ፋሻው ነው። አዲሱ ልጅ ራስጌው በኩል እንዲቀመጥ ይፈቅድ እንደሆነ ዛሬ ከእራት በፊት ጠየቅሁት፤ መጀመሪያ ያቺ ልጅ ስትሄድ የሰጠችውን እርሳስ አሳየኝ፣ ከዚያ እሺ አለ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሕፃናት ክፍል ነርስ

ግልባጭ፦
ለነርስና ለጤና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት
ለወላጆችና ለአስታማሚዎች